የሚያንጠባጥበው ቫልቭ ምን በደለ?

ሐረር ላይ ቦይለር ቅንጦት ነው ብለው የሚሟገቱኝ ሰዎች አብዛኞቹ ድሬ ነው የሚኖሩት። አልፈርድባቸውም። ድሬዳዋ ላይ እኩለ ቀን ሲሆን ጣራ ላይ ያለው ሮቶ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ራሱ ያቃጥላል። ሰው ለመታጠብ ውሃው እስኪበርድ የሚጠብቅበት ከተማ ነው። እኛ ግን ከእነሱ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብለን ነው የምንኖረው። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ከቧንቧ የሚወርደውን ውሃ የነካ ሰው ከኔ ጋር አይከራከርም። በዚያ ላይ እናቴ ሪህ አለባት። ቀዝቃዛ ውሃ ከነካች ጣቶቿ ቀኑን ሙሉ አይታዘዙላትም።

ስለዚህ ሸንኮር አካባቢ ያለውን ቤት ስንከራይ ዓይኔ መጀመሪያ የሄደው መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ወደተሰቀለው ነጭ ቦይለር ነው። ባለ 50 ሊትር ነው። ሰውነቱ ትንሽ ዝጓል፣ መብራቱ ግን ቀይ ሆኖ ይበራል።

«ይሠራል?» ብዬ አከራያችንን ጠየቅኳት።

«እንዴታ! በቅርብ ነው ያሠራሁት» አለች። ቀጥላ ደግሞ «ብቻ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳታበሩት» አለችኝ።

ይቺ «ብቻ» ናት ያላማረችኝ። ጤነኛ ቦይለር ሰዓት አይቆጠርለትም። ውሃው የሚፈለገው ሙቀት ላይ ሲደርስ ራሱ ይቆርጣል፣ ሲቀዘቅዝ ራሱ ይቀጥላል። ለዚህ ነው ቴርሞስታት የተሠራለት።

ገብተን መኖር ስንጀምር ጠባዩን አየነው። አንድ ቀን ለብ ያለ ውሃ ይሰጠናል። ሌላ ቀን ቧንቧውን ስንከፍተው እየተፋና እየተንፈቀፈቀ እንፋሎት ይወጣል። ሲሞቅ ከሆዱ ውስጥ የሚንኳኳ ድምፅ አለው። ከሁሉም የገረመኝ ግን የቀዝቃዛው ውሃ ቧንቧ ነው። አንዳንዴ እሱም ሙቅ ውሃ ያመጣል! እንግዶች ሲመጡ «እናንተ ቤት ሁለቱም ሙቅ ነው እንዴ?» እያሉ ያደንቁ ነበር።

ከዚያ ደግሞ ኮረንቲው አለ። ሻወር ላይ ሆኜ የቧንቧውን እጀታ ስነካ እጄን ነዘረኝ። ኃይለኛ አይደለም፣ ቀለል ያለ ንዝረት ነው። ለእናቴ ስነግራት «እሱ እኮ እኔንም ይሰማኛል፣ ሪሁ መስሎኝ ነው» አለችኝ። ለስንት ጊዜ ኮረንቲ እየያዛት በሪህዋ ስታማርር እንደኖረች እንጃ። ወዲያው ሄጄ ብሬከሩን አወረድኩት።

አከራያችን «ልጁን» ላከችልን። በየሰፈሩ እንዲህ ያለ ልጅ አለ። ቧንቧም ይሠራል፣ መብራትም ይሠራል፣ ዲሽም ይተክላል። በባጃጅ መጣ። የያዘው አንድ ዊንዲቨር፣ አንድ ፒንሳና አንድ ጥቁር ቴፕ ነው። እናቴን ገና ሲያያት «ማዘር፣ አታስቢ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት» አላት። የቦይለሩን የታችኛውን ክዳን ፈትቶ ከዚህ በፊት የሠራውን እያንዳንዱን ነገር በኩራት አስጎበኘን።

«ይሄ ያንጠባጥብ ነበር፣ ደፈንኩት። ይሄ ደግሞ በየጊዜው ይቆርጥ ነበር፣ ዳይሬክት አደረግኩት። ብሬከሩም እየወረደ ሲያስቸግር በ40 ቀየርኩት።»

ይህን ሲናገር ውሸት የለበትም። ተንኮልም የለበትም። ሰዎች ጠርተው «ይሄ አስቸገረን» አሉት፣ እሱም ያስቸገራቸውን ዝም አሰኘላቸው። ዝም ያሰኛቸው ነገሮች ግን በሙሉ ቤቱን የሚጠብቁ ነበሩ። አንድም ብልሽት አልጠገነም። የነካው ብልሽት ሲመጣ የሚጮኹትን ብቻ ነው።

እስቲ ስለ ቫልቩ ላውራ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ቤት ያለው ችግር እሱ ነው።

ቦይለር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚገባበት ቱቦ ጫፍ ላይ ትንሽ የነሐስ እቃ አለች። ከጎኗ ትንሽ እጀታ፣ ከሥሯ ደግሞ ቀጭን አፍ አላት። ሴፍቲ ቫልቭ ይሏታል። ሁለት ሥራ አላት። አንደኛው፣ ወደ ቦይለሩ የገባ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ መከልከል ነው። ሁለተኛው፣ ውስጥ ያለው ግፊት ከልክ ሲያልፍ በዚያች ቀጭን አፍ ውሃ አፍስሶ ማስተንፈስ ነው። ገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ላይ 0.8 ሜጋፓስካል የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ፤ 8 ባር ማለት ነው።

ለምን ታንጠባጥባለች? ውሃ ሲሞቅ ስለሚያብጥ ነው። 50 ሊትር ውሃን ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ካሞቃችሁት ሦስት ሩብ ሊትር ያህል ይጨምራል። ታንኩ ደግሞ ብረት ነው፣ አይለጠጥም። ወደ ኋላ መመለሻውን ቫልቩ ራሱ ዘግቶታል። ሙቅ ውሃው ቧንቧ እስካልተከፈተ ድረስ ያ ትርፍ ውሃ የሚሄድበት ሌላ ቦታ የለውም፤ ጠብ ጠብ እያለ በዚያች ቀጭን አፍ ይወጣል። ስለዚህ ቦይለሩ በሚሞቅበት ሰዓት የሚንጠባጠብ ቫልቭ አልተበላሸም። ሥራው ላይ ነው። ቦይለሩ ጠፍቶም፣ ቀዝቅዞም ሌሊቱን ሙሉ የሚፈስ ከሆነ ያኔ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል፣ ወይ ቫልቩ ውስጥ ቆሻሻ ገብቷል።

እኛ አገር ግን ይህን ለማስረዳት መሞከር ከባድ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ጠብታ እንደ ኃጢአት ነው የሚታየው። ሐረር የውሃ ጣጣዋ ረጅም ነው። ድሮ የሚመጣላት ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ሐይቁ ደረቀ። ሰው ከብቶቹን በሐይቁ ወለል ላይ ይነዳ ነበር። በኋላ ከድሬዳዋ በኩል ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች ውሃው በፓምፕ ተገፍቶ፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ እኛ ጋ መምጣት ጀመረ። እንዲህ ተደክሞበት የመጣ ውሃ በነሐስ አፍ ጠብ ሲል እያዩ ዝም ማለት ለአከራያችን አይሆንላትም። ደፍንልኝ አለችው፣ ደፈነው። አፉ ውስጥ ብሎን አስገብቶ በማጣበቂያ አጠረው።

የጀበናን አፍ ወትፎ ከነቡናው ከሰል ላይ መርሳት ማለት ነው። ልዩነቱ ጀበናው ሸክላ ነው፣ ቢፈነዳ ቡና ነው የሚደፋው። 50 ሊትር ውሃ ግን በተዘጋ ብረት ውስጥ ከመፍያው በላይ ከሞቀና ብረቱ ከተቀደደ ከፊሉ በአንድ ቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል። እንፋሎት ደግሞ ከውሃው ከ1,600 እጥፍ በላይ ቦታ ይፈልጋል። ግድግዳ የሚያፈርሰው እሱ ነው።

ታዲያ እስካሁን ለምን አልፈነዳም? ይህን የነገረኝ ልጁ አይደለም። ከእኛ አጥር ጎን የሚኖር ጡረታ የወጣ የመብራት ሠራተኛ አለ፤ ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ነው የሚለው። ልጁ ከሄደ በኋላ ለምኜ አመጣሁት። ቀዝቃዛው ቧንቧ ሙቅ ውሃ እንደሚያመጣ ስነግረው ሳቀ። «አንቺ፣ ያተረፋችሁ እኮ እሱ ነው» አለኝ። የቫልቩ ውስጠኛ ክዳን አርጅቶና ኖራ ይዞት በደንብ አይዘጋም። ያበጠው ውሃ ሾልኮ ወደ ቀዝቃዛው መስመር ይመለሳል። አንዱ ብልሽት ሌላኛውን ሲሸፍን ነው የኖረው ማለት ነው። እንግዶቻችን ያደነቁት እሱን ነው።

የቴርሞስታቱ ታሪክ አጭር ነው። ዳይሬክት ማድረግ ማለት ገመዱን ቴርሞስታቱን አስዘልሎ ከማሞቂያው ሽቦ ጋር በቀጥታ ማሰር ነው። ከዚያ ወዲያ የሚቆርጥ የለም፤ ሰው ካላጠፋው ይሞቃል። የኛ ባለ 1,500 ዋት ነው። በዚህ ኃይል 50 ሊትሩን ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ ከአንድ ሰዓት ተኩል ትንሽ በላይ ይወስዳል። ሦስት ሰዓት ገደማ ከቆየ በሐረር ከፍታ ወደ መፍያው ይደርሳል፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የአከራያችን «ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳታበሩት» ከዚህ የመጣ ነው። ቴርሞስታቱ እኛ ሆነን ነበር።

እሺ፣ ሰዓት ቆጥሮ ማጥፋት ይቻላል እንበል። መብራት ሲሄድስ? ቦይለሩን አብርታችሁ ገና ሳይሞቅ መብራት ይሄዳል። ትረሱታላችሁ። ከቤት ትወጣላችሁ ወይም ትተኛላችሁ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ይመጣል። ቀይዋ መብራት ትበራለች፣ ማንም አያያትም። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይሄኛው ነው።

በዚያው ሰሞን እህቴ ከእንግሊዝ ደወለች። ሊድስ ነው የምትኖረው። እሷም በቦይለር ስታማርር ነው ያገኘኋት! የነሱ ቦይለር ሌላ ነው። ጋዝ እያቃጠለ ውሃ ያሞቃል፣ ያ ሙቅ ውሃ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ በተሰቀሉ ብረቶች ውስጥ እየዞረ ቤቱን ያሞቃል። ክረምት ላይ እሱ ከቆመ ቤት ውስጥ ካፖርት ለብሰህ ነው የምትቀመጠው። የሷ ደግሞ በየሳምንቱ ይቆማል። ግፊቱ ይወርድበታል፤ ሲቀዘቅዝ ከ1 እስከ 1.5 ባር መሆን ያለበት ወደ ዜሮ ይጠጋል፣ ከዚያ ራሱን ዘግቶ አልነሳም ይላል። እሷ ውሃ ትሞላለታለች፣ ይነሳል፣ እንደገና ይወርዳል።

«ሰው ጠርተሽ ያን መቁረጫውን ዳይሬክት አታስደርጊውም?» አልኳት ለቀልድ።

አልሳቀችም። «እስር ቤት ልታስገቢኝ ነው?» አለችኝ። እዚያ ጋዝ ቦይለር ዊንዲቨር የያዘ ሁሉ አይነካውም። ለጋዝ ሥራ በመዝገብ የተመዘገበ ባለሙያ መሆን አለበት። አከራይ ደግሞ በየዓመቱ አስፈትሾ ወረቀቱን ለተከራዩ መስጠት በሕግ ግዴታው ነው። የመጣው ባለሙያ የነገራት ነገር ደስ ብሎኛል። ቦይለሩ ሲጠራጠር ይቆማል፣ እኔ የምፈልገው የሚጠራጠርበትን ምክንያት ነው እንጂ እሱን ዝም ማሰኘት አይደለም ብሏታል። ከዚያ ወለል ሥር የሚያፈስ የቧንቧ መገጣጠሚያ ፈልጎ አገኘ።

እውነቱን ለመናገር እነሱም በጠባያቸው ከኛ የተሻሉ ስለሆኑ አይመስለኝም። ሕጉ ነው ያስገደዳቸው። የሊድሱም አከራይ ቢተውለት ይደፍነው ነበር።

እህቴ ቤት ኮሪደሩ ላይ የምትጮህ ትንሽ ነጭ ሳጥን አለች። ጋዝ በደንብ ሳይቃጠል ሲቀር ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። እሱን የምታሸት ናት። በፈረንጆቹ ከ2022 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ አከራዮች የጋዝ ቦይለር ያለበት ክፍል ውስጥ እንዲያስገቡ ተገደዋል። ይህን ስትነግረኝ ስልኩን እንደያዝኩ ወደ እናቴ ክፍል ዞር ብዬ አየሁ። ምክንያቱም ቦይለሩን ካጠፋሁት ጀምሮ እናቴ ወደ ድሮው ተመልሳለች። ጠዋት ውሃ በከሰል ታሞቃለች። ማታ ደግሞ ፍሙን ከነምድጃው አንጠልጥላ መኝታ ቤቷ ታስገባለች። ለጉልበቷ ነው።

ከቦይለሩ ይልቅ በዚህ ነው የተጣላነው።

«ድሮስ በከሰል አይደል እንዴ ያደግሽው?» አለችኝ።

«ድሮ በሩ ክፍተት ነበረው እማዬ። የዚህ ቤት መስኮት አልሙኒየም ነው፣ ትንፋሽ አያስወጣም።»

«ጭሱ እኮ ውጭ ነው ያለቀው። ፍም ብቻ ነው ያስገባሁት።»

ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ጭስ ቢሆን ጥሩ ነበር። ጭስ ያስለቅሳል፣ ያስላል፣ ሰው ይነሳና በር ይከፍታል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ዓይን አይለበልብም። ደም ውስጥ ሲገባ ኦክስጅን የሚሸከመውን ነገር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያጥወለውላል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይመጣል። ሰው ደክሞኝ ነው ብሎ ይተኛል። ቀልቶ የሚያምረው፣ ጭሱ ያለቀው ፍም ነው ይህን የሚያመነጨው። የቦይለሩ ቫልቭ ቢያንስ ያንጠባጥብልናል። ይሄኛው ምንም አይልም።

መስኮት ክፈቺ አልኳት። «መስኮት ከከፈትኩ ምኑን ሞቀኝ ታዲያ?» አለችኝ። ትክክል ናት፣ መልስ አልነበረኝም። በመጨረሻ የተስማማነው በጎማ የውሃ መያዣ ነው። ማታ ውሃ አሙቀን እንሞላላታለን፣ በፎጣ ጠቅልላ ጉልበቷ ሥር ታደርገዋለች፣ ምድጃው በረንዳ ላይ ያድራል። አልወደደችውም፣ ግን እሺ አለች።

ለቦይለሩ የሚቀየረውን እቃ ፍለጋ ድሬ ወረድኩ። ከሐረር ሚኒባስ ይዞ መውረድ ራሱ ደስ ይላል፤ አወዳይን በጫት ግርግሯ፣ ሐረማያን፣ ከዚያ የደንገጎን ጠመዝማዛ። ሐይቁ አሁን እንደገና ውሃ ይዟል። ከመስኮት ሳየው ሁሌም ትንሽ አላምነውም። ደንገጎን ስትጨርሱ ሙቀቱ ፊት ላይ ይመጣል፣ ሹራብ ይወልቃል።

ታይዋን ገበያ ውስጥ የማይገኝ ነገር የለም ይባላል። ኦሪጅናል ማግኘት ግን ሌላ ሙያ ነው። የመጀመሪያው ሱቅ የሰጠኝ ቫልቭ ላይ ምንም ቁጥር የለበትም። ስንት ባር ነው ስለው «ሁሉም አንድ ነው እህቴ» አለኝ። አንድ አይደለም። ጋሼ አስጠንቅቆኝ ነበር፦ ቁጥሩ ብረቱ ላይ ተቀርጾ ይታይ፣ ቀስቱ ይኑር፣ በቀስቱ አቅጣጫ ስትነፊበት ይለፍ፣ በተቃራኒው ስትነፊበት እምቢ ይበል፣ እጀታዋ ስትነሳ ተመልሳ ትቀመጥ። እኔም ገበያ መሐል ቆሜ ነሐስ ስነፋ ዋልኩ። ባለሱቆቹ ተሳሳቁብኝ። አንዱ ሽማግሌ ባለሱቅ ግን ከጓዳ የታሸገ አወጣልኝና «አቦ፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ መድፈኛውን ነው፤ ቫልቩን የጠየቅሽኝ አንቺ ነሽ» አለኝ። ከሱ ቴርሞስታትም፣ የማሞቂያ ሽቦም፣ የማግኒዚየም ዘንግም ገዛሁ። ኮረንቲ ሲያፈስ የሚቆርጥ 30 ሚሊአምፔር የሚል ብሬከርም ጨመርኩ።

ጋሼ ቦይለሩን አውርዶ ሲከፍተው ከውስጡ የወጣው ነገር ባልዲ ሞላ። ነጭ፣ ጠጠር የመሰለ ኖራ ነው። የድሬ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ የሻይ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረው ነው። ምድሩ የኖራ ድንጋይ ነው፣ የሲሚንቶ ፋብሪካም በከንቱ እዚያ አልተተከለም። ውሃው በዚያ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ነው ወደኛም የሚመጣው። ሲሞቅ ኖራው ከውሃው ይለይና ማሞቂያው ሽቦ ላይ ይለጠፋል። ሽቦው በኖራ ሲሸፈን ሙቀቱን ለውሃው ማስተላለፍ ያቅተዋል፣ ራሱ ይግላል፣ በመጨረሻ ሽፋኑ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀው ሽቦ ኮረንቲውን ለውሃው ያካፍላል። የእናቴ «ሪህ» ምንጩ ይህ ነበር። የሚንኳኳው ድምፅም ከዚያ ኖራ ሥር የሚፈላው ውሃ ነው።

የማግኒዚየሙ ዘንግ ደግሞ ከነጭራሹ አልነበረም። ቀጭን ሽቦው ብቻ ቀርቷል። ይህ ዘንግ የሚገባው ታንኩን ተክቶ እንዲበላ ነው። ዝገት መጀመሪያ እሱን ይበላል፣ እሱ ሲያልቅ ወደ ታንኩ ይዞራል። በዓመት በሁለት ዓመት ከፍቶ ማየት ይገባል። ከፍቶ የሚያይ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ብሬከሩን ወደ 20 መለስነው። እናቴ ምጣድ ስትጥድ ቦይለሩን አናበራም። ምጣዱ ብቻውን 16 አምፔር ገደማ ይስባል፣ ቦይለሩ 7 ይጨምራል፤ ባለ 20 ብሬከር ሁለቱን አብሮ አይችልም፣ ይወርዳል። ልጁ 40 ያስገባው ለዚህ ነው። ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ሽቦ ግን ያው የድሮው ቀጭኑ ነው፤ ብሬከሩ ስለተቀየረ አልወፈረም። ብሬከሩ ዝም ሲል የሚግለው ሽቦው ነው። እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ሶኬቱ አካባቢ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸት እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ።

ሁሉም ተገጥሞ አልቆ ቫልቩ ላይ ቀጭን ላስቲክ አሰርንና ጫፉን ጆግ ውስጥ ከተትነው። አበራነው። አከራያችን ልታይ መጣች። እንዳለመታደል ልክ መሞቅ በጀመረበት ሰዓት ነው የደረሰችው። ጠብ አለ። እንደገና ጠብ።

«ይኸው!» አለች። «ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥታችሁ አሁንም ያንጠባጥባል!»

ጋሼ ማስረዳት ጀመረ። ውሃ ሲሞቅ ያብጣል አላት። «ውሃ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሚያብጠው?» አለችው። ድስት እስከ አፉ ሞልተሽ ብትጥጂ ሳይፈላ ለምን ይፈሳል አላት። ትንሽ አሰበች። «እሱስ ይፈሳል» አለች፤ ግን ፊቷ አልተፈታም። ወደ ጆጉ አጎንብሳ የተጠራቀመውን አየች። ከአንድ ብርጭቆ የማይበልጥ ነው። «እሺ፣ ግን እንዳትደፉት» ብላን ሄደች። አንደፋውም። እናቴ ወለል ትወለውልበታለች።

ልጁንም አግኝቼዋለሁ፣ መንገድ ላይ። ቅሬታ የለንም። ሰፈራችን ውስጥ ስንት ቦይለር ዳይሬክት እንዳደረገ ጠየቅኩት፤ ቆጥሮት አያውቅም። የጋሼን ስልክ ሰጠሁት። ይደውልለት አይደውልለት አላውቅም። ሰዎች ግን የሚከፍሉት ለዝምታ ነው። ነገ አንዷ ደውላ «ያንጠባጥባል» ስትለው፣ «እናቴ፣ ደህና ነው፣ ተይው» ብሎ ቢመለስ የባጃጁን እንኳ የሚከፍለው የለም።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ኧርዙ፣ የሚያፈሰውን ኮረንቲ ወደ መሬት የሚወስደው መስመር፣ አልተሠራም። ሶኬቱ ላይ ሦስተኛ ቀዳዳ አለ፣ ከጀርባው ሽቦም አለ። ጋሼ በቴስተር ሲለካው ግን ሽቦው የትም አይደርስም። ለማማር የተቀመጠ ነው። መሬት ተቆፍሮ የመዳብ ዘንግ መቀበር አለበት፣ እርጥበት ያለው ቦታ ላይ። የተሻለው ቦታ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ነው። እዚያ ደግሞ አከራያችን አምና ያስፈሰሰችው ሲሚንቶ አለ፤ «ሲሚንቶዬ አይነካም» ብላለች። በብዙ ምልጃ ከፋሲካ በኋላ ይሁን ብላናለች፣ ወጪውን እኩል ልንካፈል። እስከዚያው ኮረንቲ ሲያፈስ የሚቆርጠው ብሬከር አለን፣ ኧርዝ ባይኖርም እሱ ይሠራል። ቢሆንም ከመታጠባችን በፊት ቦይለሩን ከብሬከር እናጠፋለን። እናቴ «ጠፍቷል» ብዬ ስነግራት አታምነኝም። ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ሳጥኑ ጋ ትሄድና ራሷ አይታ ነው የምትገባው።